የጋዝ ምድጃ አጠባበቅና የመለዋወጫ ዕቃው አመራረጥ

ለባለ ሱቆች፥ ለጠጋኞችና ለቤት እመቤቶች የሚጠቅም ትምህርት

የጋዝ ምድጃ ገዝቶ ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው ስለ ዕቃው የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የከፈለው ዋጋና በምድጃው ፊት ላይ የተጻፈው የፋብሪካ ስም ነው። ምድጃው በደኅና ሲሠራ ከዚህ የበለጠ ማወቅ አያስፈልገው ይሆናል። አንድ ቀን ግን እሳቱ ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ማጥቆር ሲጀምር፥ ወይም ማዞሪያው በተለቀቀ ቍጥር እሳቱ አብሮ ሲጠፋ፥ እነዚህ ሁለት ነገሮች ምንም አይረዱትም። ወደ መርካቶ ወርዶ የምድጃውን ስም ሲጠራ፥ ባለ ሱቁ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ሦስት አራት የናስ ቁራጮች ከሣጥን አውጥቶ በባንኮኒው ላይ ይዘረግፍለታል፤ «ጌታዬ፥ ከነዚህ አንዱ ነው፤ ይሞክሩትና ካልሆነ ይመልሱታል» ይለዋል። ገዢውም በዓይኑ መዝኖ አንዱን ይዞ ይሄዳል። የበር እጀታ ወይም የወንበር እግር እንደዚህ ቢገዛ ጉዳቱ ትንሽ ነው። የጋዝ ዕቃ ግን «ይሞክሩት» የሚባልበት አይደለም፤ ሙከራው የሚደረገው ልጆች በተኙበት ቤት ውስጥ ነውና።

በዚህ ትምህርት ጋዝ የሚባለው በብረት ሲሊንደር ተሞልቶ የሚሸጠው ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ጋዝ የሚለው ለፋኖስና ለክር ምድጃ የሚሆነውን ላምባ ስለ ሆነ፥ የሲሊንደሩን ለመለየት ቡታጋዝ ማለት የተለመደ ነው፤ ይህም ቃል አስቀድሞ የአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ የንግድ ስም ነበር። ቡታጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ከሚባሉት ከሁለቱ ጋዞች አንዱ ወይም የሁለቱ ቅልቅል ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ተጨምቆ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሲወጣም አንዱ ሊትር ፈሳሽ 250 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል። በባሕርዩ ሽታ የለውም፤ አፍንጫን የሚቈጣው ሽታ፥ ጋዙ መፍሰሱ እንዲታወቅ ሲባል በጥቂቱ የሚጨመርበት መርካፕታን የተባለ ቅመም ነው። ከአየርም ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ጊዜ ተኩል፥ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል። ስለዚህ የፈሰሰ ጋዝ ወደ ጣራ አይወጣም፤ እንደ ውሃ በወለሉ ላይ ተኝቶ ዝቅተኛውን ስፍራ ይፈልጋል። ከ100 እጅ አየር ውስጥ 2 እጅ ያህል ጋዝ ከገባና እሳት ካገኘው ይቀጣጠላል። የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው ብሎ መዘናጋት የማይገባው ስለዚህ ነው፤ ከበሩ በታች ወይም ከግድግዳው ግርጌ ወደ ውጭ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከሌለ መስኮቱ ብቻውን አይበቃም። ሲሊንደርንም በምድር ቤት ወይም በጓዳ ጕድጓድ ውስጥ ማስቀመጥ ከቶ አይገባም።

የነበልባሉ ምስክርነት

ምድጃው ስለ ጤንነቱ በየቀኑ ራሱ ይመሰክራል፤ ምስክሩም የነበልባሉ ቀለም ነው። ደኅና ምድጃ ሰማያዊና ጥርት ያለ፥ በየቀዳዳው ላይ ጸንቶ የሚቆም ነበልባል አለው። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ድስት ካጠቆረ አየር አንሶታል ማለት ነው። ከቀዳዳው ተነሥቶ እየተንሳፈፈ የሚያፏጭ ከሆነ ደግሞ አየር ወይም ግፊት በዝቶበታል። ሲጠፋ ጧ ብሎ የሚጮህ ከሆነ እሳቱ ወደ ውስጥ ተመልሶ እየገባ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የማንደጃው ክዳን ተስተካክሎ ያለመቀመጡ ምልክት ነው። ጨው የገባበት ውሃ ገንፍሎ በእሳቱ ላይ ሲፈስ ለጥቂት ጊዜ የሚታየው ብርቱካንማ ቀለም ግን የጨው ቀለም እንጂ የምድጃው ሕመም አይደለም፤ ስለዚህ ጠጋኝ መጥራት አያስፈልግም።

አንድ እጅ ፕሮፔን ፈጽሞ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 24 እጅ አየር፥ አንድ እጅ ቡቴን ደግሞ 31 እጅ አየር ይፈልጋል። ይህን ያህል አየር ያላገኘ ጋዝ ከፊሉ ጥላሸት ይሆናል፤ ከፊሉም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፥ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ሆኖ ይወጣል። ጥላሸቱ ይታጠባል። መርዙ ግን አስቀድሞ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ብቻ ስለሚያመጣ፥ ወጥ ስትሠራ የዋለች ሴት በድካም ወይም በሽንኩርት ሽታ አመካኝታ ታልፈዋለች። በበዓል ሰሞን አንድ ትልቅ ብረት ድስት ሁለት ማንደጃ ሸፍኖ ለብዙ ሰዓት ሲጣድ አደጋው የበለጠ ነው፤ የድስቱ ቂጥ አየር ወደ እሳቱ እንዳይደርስ ይከለክላልና። በዚያ ላይ በርና መስኮት ከተዘጋ፥ በአጠገቡም የከሰል ምድጃ ካለ፥ ቤቱ የሚተነፈስበት ቤት አይሆንም።

ቢጫ ነበልባል ሲታይ አስቀድሞ ዕቃ መግዛት ሳይሆን ማጠብ ይገባል። ሽሮ ሲፈነጥቅ፥ ወተት ሲገነፍል፥ ዘይት ሲረጭ የማንደጃው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ክዳኑና ባለ ቀዳዳው ቀለበት ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ ተነሥተው በለብታ ውሃና በሳሙና ይታጠባሉ፤ ቀዳዳዎቹም በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳሉ። ቀለበቱ ብዙውን ጊዜ ከአሉሚኒዮም የተሠራ ስለ ሆነ፥ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት የመጋገሪያ ማጽጃ ሊነካው አይገባም፤ አሉሚኒዮምን ይበላዋልና። በእንጨት ስንጥር የሚጎረጕሩም አሉ፤ ስንጥሩ ውስጥ ከተሰበረ ግን ከቆሻሻው ይልቅ ያስቸግራል። ቀለበቱ ፈጽሞ ሳይደርቅ ወደ ቦታው መመለስ የለበትም። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ምድጃ እንኳ ክዳኑ በአንድ ወገን አጋድሎ ከተቀመጠ በግማሽ ጎኑ ቢጫ፥ በግማሽ ጎኑ ሰማያዊ ይነዳል፤ ይህን አይቶ ጠጋኝ ጠርቶ የከፈለ ሰው ቍጥሩ ቀላል አይደለም።

ስለ ጂግለር

ከምድጃው ዕቃዎች ሁሉ በመጠን የሚያንሰው፥ በሥራ ግን ከሁሉ የሚበልጠው በማንደጃው እግር ውስጥ ተሰውሮ የሚቀመጠው፥ መካከሉ በጣም ቀጥኖ የተበሳው የናስ ብሎን ነው። መካኒኮች ከመኪና ሥራ በተወረሰው ስም ጂግለር ይሉታል። ጋዙ በዚህች ቀዳዳ አልፎ ሲፈተለክ በዙሪያው ያለውን አየር እየሳበ ይዞ ይገባል፤ የጋዝና የአየር መጠን የሚወሰነውም እዚህ ነው።

በጂግለሩ ጎን ወይም ራስ ላይ በጣም ደቃቅ ሆኖ የተቀረጸ ቍጥር አለ። 85 ቢል ቀዳዳው 0.85 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው፤ ይኸውም በመቶኛ ሚሊሜትር የተነገረ ልክ ነው። ለሲሊንደር ጋዝ በተሰናዱ የአውሮፓ ምድጃዎች ላይ ለትንሹ ማንደጃ 50፥ ለመካከለኛው 65፥ ለትልቁ 85 የሚሉ ቍጥሮች በብዛት ይገኛሉ። በአውሮፓ ከተሞች በመሬት ውስጥ ቧንቧ ለሚመጣው ለሜቴን ጋዝ በተሰናዳው ምድጃ ላይ ግን የነዚያው ማንደጃዎች ቍጥር 72፥ 97ና 115 ሊሆን ይችላል። ሜቴን በልኩ የያዘው ሙቀት ያነሰ ስለ ሆነ ሰፊ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። የሁለቱ ምድጃዎች መልክ አንድ ነው፤ ሥዕሉም በካርቶኑ ላይ አንድ ነው፤ ዋጋቸውም ሊመሳሰል ይችላል። አስመጪው ሳያስተውል የቧንቧ ጋዝ ምድጃ አስጭኖ ቢያመጣና ገዢው በሲሊንደር ቢያቀጣጥለው፥ በ85 ፈንታ በ115 የሚወጣው ጋዝ በእጥፍ ሊደርስ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ የቀዳዳው ስፋት ከ1 ወደ 1.83 አድጓልና። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ እስከ ድስቱ ጆሮ ይወጣል። ፋብሪካው ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን የጂግለር ስብስብ በትንሽ ከረጢት አድርጎ ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር ያኖረዋል፤ ሱቅ ውስጥ ካርቶኑ ሲከፈት ያ ከረጢት ከላስቲክ መጠቅለያው ጋር ተጥሎ ይቀራል። ቢጠፋ ምድጃው ሙሉ ዋጋውን እንደማያወጣ ባለ ሱቁ ሊያውቅ ይገባዋል።

የተደፈነ ጂግለር በመርፌ ወይም በትራፓኖ ፑንታ መጥረግ የተለመደ ክፉ ልማድ ነው። ናስ ከብረት ይለሰልሳልና መርፌው ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ናሱንም ይፍቃል። የ85 ቀዳዳ 95 ቢሆን በዓይን አይታይም፤ የሚያልፈው ጋዝ ግን በሩብ ይጨምራል። ጂግለሩን ፈትቶ በሳሙና ውሃ መዘፍዘፍ፥ ከዚያም በጎማ መንፊያ ነፍቶ በብርሃን አንጻር መመልከት ይበቃል። ቀዳዳው ክብ ሆኖ ካልታየ መለወጥ ነው። አዲሱ ሲገዛ ቍጥሩ ብቻ ተመሳስሎ ሊገዛ አይገባም፤ ብሎኑ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ቢኖረውም የጥርሱ ርቀት በአንዱ 0.75፥ በሌላው 1 ሚሊሜትር ይሆናል። ሁለቱ በመጀመሪያው ዙር የሚገጥሙ ይመስላሉ፤ በሁለተኛው ዙር ይጠብቃሉ፤ በሦስተኛው ዙር ጠጋኙ ጕልበት ሲጨምር የማንደጃው እግር ጥርስ ይበላል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ብር ያወጣ የነበረው ሥራ ሙሉ ማንደጃ ያስገዛል።

ስለ ከፍተኛ ስፍራ

አብዛኛው ምድጃ የሚሠራውና የሚፈተነው ለባሕር ወለል በቀረበ አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃም በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በዚሁ ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በወደብ ከተማ ሰማያዊ ሆኖ የነደደ ምድጃ አዲስ አበባ ሲደርስ ጫፉ ቢጫ ቢሆን ምድጃው የተጭበረበረ አይደለም። በአሜሪካ የቆየው የጋዝ ሥራ ደንብ ከ600 ሜትር በላይ ላለ ስፍራ፥ ከባሕር ወለል ጀምሮ በየ300 ሜትሩ የምድጃውን ኃይል 4 በመቶ መቀነስን ያዛል፤ ይህ ለአዲስ አበባ ቢሰላ 30 በመቶ ያህል ይሆናል። አንዳንድ ፋብሪካዎችም ለደጋ አገር የሚሆን ጠባብ ጂግለር ለይተው ያወጣሉ። አስመጪ ዕቃውን ሲያዝዝ ይህን በደብዳቤው ቢጠይቅ ምንም ወጪ የለበትም።

በማንደጃው እግር ላይ አየር ማስገቢያ መዝጊያ ያለው ምድጃ ከሆነ አስቀድሞ እርሱ ይከፈታል፤ ቢጫው ከጠፋ ሌላ ሥራ የለም። መዝጊያ የሌለው ከሆነ ጂግለሩን በአንድ ደረጃ ጠባብ በሆነ መለወጥ ነው። ግፊት በመጨመር ይስተካከላል ብሎ ሬጉሌተሩን መነካካት ግን ነገሩን ያባብሰዋል።

ሬጉሌተርና የጎማ ቱቦ

ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን በፕሮፔን ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት 8 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ምድጃው የሚፈልገው ግን የአየር ግፊት ከመቶ 3 እጅ ያህል፥ ማለትም 30 ሚሊባር ገደማ ብቻ ነው። ይህን አውሬ አለዝቦ የሚያሳልፈው በሲሊንደሩ አናት ላይ የሚሰካው ሬጉሌተር ነው። በገበያ ላይ ግን በአንድ መደርደሪያ ሁለት ዓይነት ይቀመጣል። አንዱ ግፊቱ በፋብሪካ የተወሰነ፥ የማይነካ፥ ለቤት የሚሆን ነው። ሁለተኛው በላዩ ማዞሪያ ያለው፥ ግፊቱ እንደ ተፈለገ ከፍና ዝቅ የሚል፥ ለትልልቅ ማንደጃና ለሥራ ቦታ የሚሆን ነው። ይህን ሁለተኛውን «እሳቱ ይበረታል» ተብሎ ለቤት ምድጃ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን እየረዳ አይደለም፤ የምድጃው ቫልቭና ቱቦ ያንን ግፊት እንዲችሉ አልተሠሩምና።

ተሰክተው የሚቆለፉት ሬጉሌተሮች አፋቸው 20፥ 21፥ 22 ወይም 27 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። የ20ውና የ21ዱ ልዩነት በእጅ አይታወቅም፤ በካሊፐር ብቻ ይታወቃል። የማይገጥመውን በክር ወይም በላስቲክ ሸብቦ ማስገደድ ዛሬ ያልፈሰሰውን ነገ እንዲፈስ ማድረግ ነው። በብሎን የሚታሰሩት ደግሞ ለሚቀጣጠል ጋዝ በተለመደው ደንብ ወደ ግራ ዞረው የሚጠብቁ ናቸው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ወደ ቀኝ እየታገለ ጥርሱን ይሰብራል። ሲሊንደር በተለወጠ ቍጥር በሬጉሌተሩ አፍ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ይታይ፤ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ሌላ እስኪገኝ ድረስ እሳት ባይቀጣጠል ይሻላል።

የጎማው ቱቦ ከሁሉ ይልቅ የሚናቅ ዕቃ ነው። የአትክልት ማጠጫ የሚመስለው ሁሉ ለጋዝ አይሆንም፤ ፕሮፔንና ቡቴን ተራውን ጎማ እያበጡ ስለሚያበላሹት፥ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ውስጡ ናይትራይል በተባለ ጎማ ወይም በተመሳሳይ የተለበጠው ነው። ደኅና ቱቦ በገላው ላይ ለጋዝ መሆኑ፥ የሚችለው ግፊትና የተሠራበት ዓመት ተጽፎበታል። በኢጣልያ የሚሠራው ተራ የጋዝ ቱቦ የሚለወጥበት ዓመት ራሱ የታተመበት ነው፤ ዕድሜው 5 ዓመት፥ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል እንዳይበልጥ ተወስኗል። ጽሑፍ የሌለውን ቱቦ በሜትር እየለካ የሚሸጥ ሱቅ ምን እንደሚሸጥ ራሱም አያውቅም። ቱቦው በመጋገሪያው ጀርባ አልፎ ሙቀት እንዳይነካው፥ ሁለቱም ጫፎቹ በፋሸታ እንዲታሰሩ መጠበቅ ነው። በሽቦ ጠምዝዞ ማሰር ጎማውን ይቈርጠዋል።

መፍሰሱን የሚፈትሹት በሳሙና አረፋ ነው። የሲሊንደሩ መክፈቻ ተከፍቶ፥ የምድጃው ማዞሪያዎች ሁሉ ተዘግተው ሳለ፥ መጋጠሚያው ሁሉ በአረፋ ይቀባል፤ የሚያድግ አረፋ የታየበት ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ጠጋኝ ዛሬም አለ፤ እንዲህ ያለውን ከበር መመለስ ይገባል። የጋዝ ሽታ በቤት ውስጥ ከተሰማ መብራት ማብራትም ማጥፋትም አይገባም፤ ሲሊንደሩን ዘግቶ፥ በርና መስኮት ከፍቶ፥ ቤተ ሰቡን ይዞ መውጣት ነው።

ማዞሪያው ሲለቀቅ ስለሚጠፋው እሳት

ብዙ ምድጃ ከማንደጃው አጠገብ ጣት የምታህል ቀጭን የብረት ዘንግ ቆማ ትታያለች። ይህች ቴርሞካፕል የምትባለው ናት። ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች ተጋጥመው መጋጠሚያቸው ሲሞቅ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ ይህን ቶማስ ዮሐን ዜቤክ በ1821 እ.ኤ.አ. አስተውሎታል። በምድጃው ላይ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ከአንድ ቮልት መቶኛ ጥቂት እጅ ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ በቫልቩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ማግኔት ይዞ ጋዙን ክፍት ለማድረግ ይበቃል። ነፋስ እሳቱን ቢያጠፋው ወይም ውሃ ቢደፋበት ዘንጊቱ ትቀዘቅዛለች፤ ማግኔቱ ይለቃል፤ ስፕሪንጉ ጋዙን ይዘጋል። እሳቱ ሲለኮስ ማዞሪያውን ጥቂት ሰኮንድ ተጭኖ መያዝ ያስፈለገው ዘንጊቱ እስክትሞቅ ድረስ ነው።

እሳቱ ማዞሪያው ሲለቀቅ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጠጋኞች ወዲያው ቫልቩ ይለወጥ ይላሉ። ቫልቭ ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥፋት የለበትም። አስቀድሞ የዘንጊቱ ጫፍ ከጥላሸት ይጠረግ፤ ቀጥሎ ነበልባሉ በእርግጥ የሚነካት መሆኑ ይታይ፤ ከዚያ በኋላ ከቫልቩ ጋር የምትገናኝበት መጋጠሚያ መላላቱ ይመርመር። ይህ ሁሉ ካልረዳ የጎረቤቱ ማንደጃ ቴርሞካፕል ተፈትቶ በታመመው ላይ ይሞከር። እሳቱ ከጸና የሚገዛው ቴርሞካፕል ነው፤ ካልጸና ያን ጊዜ ስለ ቫልቩ መናገር ይቻላል። ለዚህ ፈተና የሚከፈል ዋጋ የለም። የሚገዛው ቴርሞካፕል በርዝመቱ፥ በጫፉ ቅርጽና በመጋጠሚያው መመሳሰል አለበት፤ መጋጠሚያው በአንዱ 8፥ በሌላው 9 ሚሊሜትር ብሎን፥ በሌላው ደግሞ ተሰኪ ነው። እጅግ ያጠረው እየተሳበ ይሰበራል። በጣም የረዘመው ግን ተጠቅልሎ ከሙቀት ራቅ ብሎ ቢቀመጥ አይጎዳም።

የማስለኮሻው ጉዳይ አጭር ነው። ቻክ ቻክ እያለ እሳት የማይፈጥር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የነጩ ሸክላ መሰንጠቅ ወይም የእርጥበት ነገር ነው፤ እስኪጠገን ድረስ ክብሪት ይሠራል።

ትክክለኛውን ዕቃ ስለ ማግኘት

በምድጃው ፊት ያለው ስም የሻጩ ስም እንጂ የሠሪው ላይሆን ይችላል። አንዱ ፋብሪካ ለብዙ ስሞች ምድጃ ይሠራል፤ እነዚያም ፋብሪካዎች ማንደጃውንና ቫልቩን ከሌላ ሠሪ ይገዛሉ። ለምሳሌ በኢጣልያ በብሬሺያ አውራጃ ያለው ሳባፍ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ቫልቮችና ማንደጃዎች ልዩ ልዩ ስም ባላቸው ምድጃዎች ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ «የእገሌ ምድጃ ዕቃ የለም» ሲባል ተስፋ መቍረጥ አይገባም፤ በዕቃው ገላ ላይ ያለው የሠሪው ምልክትና ቍጥር ከምድጃው ስም ይልቅ ወደ ትክክለኛው ይመራል።

ሁለተኛው መሪ የመለያው ሰሌዳ ነው። ይህ ትንሽ የብረት ወይም የወረቀት ሰሌዳ በምድጃው ጀርባ፥ በመጋገሪያው በር ጠርዝ ወይም በታችኛው መሳቢያ ውስጥ ተለጥፎ ይገኛል። በላዩም የሞዴሉ ቍጥር፥ የተከታታይ ቍጥሩ፥ የጋዙ ዓይነትና ግፊቱ ተጽፏል። በአውሮፓ ምድጃ ላይ ጂ20 ሜቴን፥ ጂ30 ቡቴን፥ ጂ31 ፕሮፔን ማለት ነው። ምድጃው ግድግዳ ሳይጠጋ በፊት፥ ገና በተገዛበት ቀን፥ ይህ ሰሌዳ በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቢቀመጥ ከብዙ ዓመት በኋላ ዘይትና ጢስ ጽሑፉን ካጠፋው በኋላ ይጠቅማል።

ሦስተኛው አሮጌው ዕቃ ራሱ ነው። ወደ ሱቅ የሚላክ ሰው አሮጌውን ይዞ ይሂድ፤ ነገር ግን አንድ ጥርጣሬ ይዞ ይሂድ፤ አሮጌው ራሱ ከዚህ በፊት በስሕተት የተገባ ሊሆን ይችላልና። ምድጃው ከገዛ ጊዜው ጀምሮ ቢጫ ይነድ ከነበረ ያንኑ ዓይነት ጂግለር መልሶ መግዛት ስሕተቱን ማደስ ነው።

የመጋገሪያው፥ ብዙ ሰው ኦቨን የሚለው፥ ቴርሞስታት ሲለወጥ የሙቀቱ ጣሪያ፥ የቀጭኑ የመዳብ ቱቦ ርዝመትና የጫፉ ውፍረት ሦስቱም መመሳሰል አለባቸው። ማዞሪያው ስለ ገጠመ ብቻ የተገዛ ቴርሞስታት 180 ዲግሪ እያለ ዳቦ ያሳርራል።

ከአሜሪካ ስለሚመጡ ምድጃዎች

ከአሜሪካ የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን የቤታቸውን ምድጃ ጭነው ሲመጡ ጥንካሬውን አይተው ነው፤ ምድጃውም በእርግጥ ጠንካራ ነው። ሆኖም ሦስት ነገር ሳይታይ ሊገጠም አይገባም። አንደኛው፥ ምድጃው አብዛኛውን ጊዜ ለቧንቧ ጋዝ የተሰናዳ ስለ ሆነ ጂግለሮቹ ብቻ ሳይሆኑ በጀርባው ያለው ትንሽ ሬጉሌተር ክዳንም ለሲሊንደር ጋዝ መገልበጥ ይኖርበታል። ሁለተኛው የቧንቧው ጥርስ ነው። የአሜሪካና የእንግሊዝ የግማሽ ኢንች ጥርስ ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ አላቸው፤ ነገር ግን የአሜሪካው ጥርስ በ60 ዲግሪ፥ የእንግሊዙ በ55 ዲግሪ የተሳለ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በእጅ ሲጀመሩ ይገባሉ፤ ጠጋኙም ገጠመ ይላል፤ አረፋ ሲቀባ ግን ያፈሳል። መካከለኛ መጋጠሚያ መግዛት እንጂ በቴፕ ብዛት መድፈን መፍትሔ አይደለም።

ሦስተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። ምድጃው 120 ቮልት ይፈልጋል፤ በኢትዮጵያ ያለው 220 ነውና ትራንስፎርመር ያሻል። ብዙ ሰው መብራትና ሰዓት ብቻ ያለበት መስሎት 100 ዋት ይገዛል። የብዙዎቹ የአሜሪካ መጋገሪያ ግን የሚለኮሰው ግሎ በር በሚባል እየጋለ በሚቀላ ዘንግ ነው፤ እርሱም ከ3 አምፔር በላይ ይስባል፤ በ120 ቮልት ሲባዛ 400 ዋት ያህል ይሆናል። ዘንጉ በበቂ ካልጋለ የጋዙ ቫልቭ አይከፈትም። ቀልቶ እየታየ እሳት የማያመጣ መጋገሪያ ሲገጥም ጠጋኙ ቫልቭ ከመለወጡ በፊት ትራንስፎርመሩን፥ ቀጥሎም ዘንጉን ቢመረምር ገንዘብ ያተርፋል፤ ዘንጉ ሲያረጅ መቅላቱን ሳይተው የሚስበው አምፔር ይቀንሳልና።

ስለ ባለ ሱቁ

የምድጃ መለዋወጫ የሚነግድ ሰው ብዙ ካፒታል አያስፈልገውም፤ ብዙ ሥርዓት ግን ያስፈልገዋል። ጂግለሮች በአንድ ቆርቆሮ ተደባልቀው ሲቀመጡ ጥቂት ሺህ ብር የሚያወጣ ሸቀጥ ወደ ናስ ፍርስራሽነት ይወርዳል። በቍጥርና በጥርስ ርቀት ተለይተው በትንንሽ ሣጥን ቢቀመጡ ያው ሸቀጥ ለደንበኛ በአንድ ደቂቃ ይገኛል። ካሊፐር፥ ማጕሊያ መነጽርና የጥርስ መለኪያ በባንኮኒው ላይ ይኑሩ። ገዢው የሰሌዳውን ፎቶግራፍ ካላመጣ ሄዶ እንዲያነሣ መላክ ሽያጭ እንደ ማጣት የሚቈጥረው ነጋዴ አለ፤ ይሁን እንጂ በስሕተት የተሸጠ ዕቃ ተመልሶ ሲመጣ ጥርሱ ተበልቶ ስለ ሆነ ሁለተኛ አይሸጥም። በደረሰኙ ላይ የተሸጠው ዕቃ ቍጥርና የምድጃው ሞዴል ቢጻፍ፥ በሚቀጥለው ዓመት ያ ደንበኛ ተመልሶ ሲመጣ ጥያቄ አይበዛም።

ቱቦ የሚያስመጣ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ማስመጣቱ አይመከርም። ዕድሜው የሚቈጠረው ከተሠራበት ዓመት ስለ ሆነ በመጋዘን የተቀመጠውም እያረጀ ነው፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ጠጋኙም ከቤት ያነሣውን አሮጌ ቱቦ እዚያው ቤት ከሁለት ከሦስት ቦታ ቈርጦ ይጣለው፤ በቈሻሻ ገንዳ ሳይቈረጥ የተጣለ ቱቦ ታጥቦና ተጠቅልሎ ወደ ገበያ ተመልሶ የሚወጣበት ጊዜ አለ።